የራጅ ጥላና የእናቶቻችን ጉልበት

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችን የዛሬውን የመናገር ተራ ለሕክምና ተማሪዎች በመስጠቱ አስቀድሜ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ርእሴን ከመምረጤ በፊት አንዳንድ ጓደኞቼ «ስለ ልብ ቀዶ ሕክምና ብትናገር አዳራሹ ይሞላልሃል» ብለው መክረውኝ ነበር። እኔ ግን ስለ ጉልበት ለመናገር መረጥሁ። የጉልበት ሕመም ሰውን በአንድ ሌሊት የማይገድል፤ በጋዜጣም የማይወጣ፤ ስለዚህም ማንም የማይከራከርበት ሕመም ነው። ዳሩ ግን ከመካከላችን ጉልበቷን ይዛ፤ ወገቧን ደግፋ፤ ከበርጩማ በጭንቅ የምትነሣ እናት ወይም አያት የሌለችው ቢኖር እጁን ያውጣ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፤ በ2019 ዓ.ም. በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ኦስቲዮአርትራይተስ ከሚባለው የመገጣጠሚያ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። ከመቶው 73ቱ ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በላይ ነው፤ ከመቶው 60ዎቹ ሴቶች ናቸው። ሕመሙ ከሁሉ ይልቅ የሚያዘወትረው ጉልበትን ሲሆን፤ በዚያው ዓመት ጉልበታቸውን የታመሙት 365 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

«ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ነው፤ ለሕግ ወይም ለምሕንድስና ተማሪ ምን ያደርግለታል?» የሚል ቢኖር መልሴ እንደሚከተለው ነው። ለክረምት ዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ እናት ከሣጥን ውስጥ አንድ ትልቅ ፖስታ ታወጣለች። ከፖስታው ጥቁር ፊልም፤ ከፊልሙም ጋር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ይወጣል። «ልጄ፤ አንተ ተምረህ የለም እንዴ? እስቲ ምን እንደሚል ንገረኝ» ትላለች። ልጁ ታሪክ ይማር እርሻ ለርሷ ለውጥ የለውም፤ ፊደል የቈጠረ ሁሉ ሐኪም ነው። በወረቀቱ ላይ «ዲጄኔሬቲቭ» የሚል ቃል አለ። ልጁም ትርጕሙን ከመዝገበ ቃላት ፈልጎ፤ «አጥንትሽ አርጅቷል፤ ተበልቷል ይላል» ብሎ ይነግራታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናት ገበያ መውጣት ትተዋለች፤ ጎረቤት መጠየቅም ትቀንሳለች፤ የቀረው አጥንት እንዳያልቅባት ተጠንቅቃ ትቀመጣለች። ሕመሙ ያላስቀመጣትን እናት ትርጕሙ አስቀመጣት ማለት ነው። እንግዲህ የዛሬው ነገሬ፤ ፊልሙ በእውነት የሚናገረው ምን እንደ ሆነና የማይናገረውም ምን እንደ ሆነ ለይተን እንድናውቅ ነው።

በመጀመሪያ ስለ መገጣጠሚያው ልናገር። በበዓል ቀን የዶሮ ወጥ ስንበላ በአጥንቱ ጫፍ ላይ ነጭና አንጸባራቂ፤ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ የሚል ነገር እናገኛለን። ይህ ልም አጥንት ይባላል። የእኛም ጉልበት እንደዚሁ ነው፤ የጭን አጥንት የታችኛው ጫፍና የቅልጥም አጥንት የላይኛው ጫፍ በዚህ ልም አጥንት ተሸፍነዋል። በመካከላቸው ሜኒስከስ የሚባሉ፤ ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ሁለት ትራሶች ገብተዋል። መገጣጠሚያውን ዙሪያውን ያቀፈው ከረጢት በውስጥ በኩል ስስ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑም እንደ እንቁላል ነጭ የሚያሟልጭ ፈሳሽ ያመነጫል።

ልም አጥንት ሁለት ልዩ ጠባዮች አሉት፤ የደም ሥር የለውም፤ ነርቭም የለውም። የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን የሚያገኘው በዙሪያው ካለው ፈሳሽ ነው። ስንረግጥ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፤ እግራችንን ስናነሣ ደግሞ ፈሳሹን መልሶ ይመጣል። ስለዚህ መራመድ ለልም አጥንት እንደ መብላት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ነርቭ ስለሌለው ደግሞ እሱ ራሱ ሕመም አይሰማውም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ብዙ ሰው ይህን ሕመም እንደ ጫማ ሶል አድርጎ ያስበዋል፤ በተረገጠ ቍጥር ያልቃል፤ ስለዚህ እንዳያልቅ አለመርገጥ ነው ይላል። ምሳሌው ግን ከግማሽ በላይ አይወስድም። ሶል ሙት ነገር ነው፤ ልም አጥንት ግን ሕያዋን ሴሎች አሉት፤ እነሱም ያፈርሳሉ፤ ይሠራሉም። በኦስቲዮአርትራይተስ ጊዜ የሚፈርሰው ከሚሠራው ይበልጣል። ከሥሩ ያለው አጥንት ይጠነክራል፤ በጠርዙ ላይ አዲስ አጥንት ይበቅላል፤ ስሱ ሽፋን አልፎ አልፎ ይቈጣል፤ የጭን ጡንቻም ይደክማል። እንግዲህ የታመመው ልም አጥንቱ ብቻ ሳይሆን መላው መገጣጠሚያ ነው። መንሥኤውም አንድ አይደለም፤ ዕድሜ፤ ከወላጆች የሚወረስ ጠባይ፤ የሰውነት ክብደት፤ በወጣትነት የደረሰ ጉዳት፤ ከባድ ሸክምና ዘወትር ጉልበትን አጥፎ መሥራት ይተባበሩበታል።

በአማርኛችን «ቁርጥማት» እና «ሪህ» የሚሉት ቃላት ብዙ የተለያዩ ሕመሞችን በአንድ ጆንያ የሚከትቱ ናቸው። በዩሪክ አሲድ የሚመጣው ሪህ ድንገት ተነሥቶ፤ ብዙ ጊዜ የእግርን አውራ ጣት አሳብጦና አቅልቶ እንቅልፍ የሚነሣ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው ደግሞ የሰውነት መከላከያ ኃይል በገዛ መገጣጠሚያው ላይ ሲነሣ የሚመጣ ሲሆን፤ ጠዋት ጠዋት የእጅ አንጓዎችን ለረዥም ጊዜ አስሮ ይይዛል። ኦስቲዮአርትራይተስ ግን በሥራ ጊዜ ይብሳል፤ በዕረፍት ይቀልላል፤ የጠዋቱም መተሳሰር ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ደረጃና ቍልቍለት መውረድ፤ ከዝቅተኛ መቀመጫ መነሣት ዋና ጠላቶቹ ናቸው።

አሁን ወደ ፊልሙ ልምጣ። ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 ዓ.ም. በቩርዝቡርግ ከተማ ይህን የማይታይ ጨረር አገኘ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም የሚስቱን እጅ አጥንት ከነቀለበቱ በሥዕል አወጣ። በ1901 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለውም እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው እጅግ ተሻሽሏል፤ ዛሬ በብዙ ቦታ ሥዕሉ የሚታየው በኮምፒዩተር ነው። ይሁን እንጂ መሠረቱ አልተለወጠም፤ ራጅ ማለት ጥላ ማለት ነው። ካልሲየም የበዛበት አጥንት ጨረሩን ስለሚያግድ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ሥጋ ግራጫ፤ አየር ጥቁር ይሆናል። ልም አጥንት ግን እንደ ሥጋው ሁሉ ጨረሩን ስለሚያሳልፍ ለብቻው ተለይቶ አይታይም። በፊልሙ ላይ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ባዶ የሚመስለው ክፍተት ባዶ አይደለም፤ ልም አጥንቱና ትራሶቹ የተቀመጡበት ቦታ ነው። ሐኪሙ የማያየውን ነገር ውፍረት የሚገምተው የሚያያቸው ሁለት አጥንቶች በምን ያህል እንደ ተራራቁ ተመልክቶ ነው።

ስለዚህ የራጅ አንባቢ አራት ምልክቶችን ይፈልጋል።

አንደኛ፤ የክፍተቱ መጥበብ ነው። በጉልበት ላይ ብዙ ጊዜ በውስጠኛው ጎን፤ ማለት ሌላውን ጉልበት በሚያየው በኩል፤ አስቀድሞ ይጠባል። በሩማቶይድ ግን መጥበቡ በሁለቱም ጎን እኩል ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፤ ኦስቲዮፋይት የሚባለው በአጥንቱ ጠርዝ ላይ የሚበቅል ጉጥ ነው። በወረቀቱ ላይ ሲነበብ እሾህ ይመስላል፤ ነገር ግን ሥጋ የሚወጋ እሾህ አይደለም። መገጣጠሚያው የደረሰበትን ጫና ለመቋቋም ጠርዙን ሲያሰፋ የሠራው አጥንት ነው።

ሦስተኛ፤ ከልም አጥንቱ በታች ያለው አጥንት ጠንክሮ ከወትሮው ይልቅ ነጭ ሆኖ መታየት ነው።

አራተኛ፤ በዚያው አጥንት ውስጥ እንደ ትንንሽ ከረጢት ያሉ ጠቆር ያሉ ክብ ቦታዎች መታየት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የጉልበት ራጅ ቆሞ ሲነሣና ተኝቶ ሲነሣ አንድ አይደለም። ሰው ሲተኛ የሰውነቱ ክብደት ከጉልበቱ ላይ ስለሚነሣ ጠቦ የነበረው ክፍተት ሰፋ ብሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የክፍተቱን መጥበብ ለመለካት የተሻለው በሽተኛው በእግሩ ቆሞ የሚነሣው ነው። ባለፈው ዓመት ተኝታ፤ ዘንድሮ ቆማ የተነሣችውን እናት ፊልሞች ጎን ለጎን አድርጎ «በአንድ ዓመት ይህን ያህል ባሰባት» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው።

ምልክቶቹን በደረጃ የከፈሉልን በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ይሠሩ የነበሩ ኬልግረንና ሎረንስ የሚባሉ ሐኪሞች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ቀደም ሲል የድንጋይ ከሰል ቈፋሪዎችን መገጣጠሚያ በራጅ ያጠኑ ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ ከ0 እስከ 4 የሚደርስ መለኪያ አወጡ። 0 ማለት ምልክት የለም ማለት ነው፤ 1 አጠራጣሪ ነው፤ በ2 ጉጡ በእርግጥ ይታያል፤ በ3 ጉጦቹ በዝተው ክፍተቱ በግልጥ ይጠባል፤ በ4 ክፍተቱ እጅግ ጠቦ የአጥንቱ ቅርጽ ይለወጣል። ይህ መለኪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ሆኖም አንዱን ፊልም ሁለት አንባቢዎች ሲያዩት አንዱ 1፤ ሌላው 2 የሚልበት ጊዜ አለ። ቍጥር ስለ ሆነ ብቻ እንደ ሚዛን ምስክርነት አድርገን ልንቀበለው አይገባም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ የንግግሬ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ጥላውና ሕመሙ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። እርግጥ ነው፤ ደረጃው ከፍ እያለ በሄደ መጠን ሕመም የመኖሩ ዕድል ይጨምራል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ፊልሟ 3 የሚል ሆኖ ገበያ ወርዳ የምትመለስ ሴት አለች፤ ፊልሟ ንጹሕ የተባለላት ደግሞ ሌሊት ጉልበቷን እያሸች የምታድር አለች።

ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁ፤ ያዙልኝ ያልኋችሁን አስታውሱ። ልም አጥንት ነርቭ የለውም፤ ስለዚህ መሳሳቱ ራሱ አይሰማም። ሕመም የሚነሣው ነርቭ ካላቸው ክፍሎች ነው፤ ከአጥንቱ ውስጥ፤ ከስሱ ሽፋን፤ ከከረጢቱና ከጅማቱ። የሽፋኑን መቈጣትና የመቅኔውን መታመም ደግሞ ራጅ አያሳይም። በዚህም ላይ የጡንቻ መድከም፤ የእንቅልፍ ማጣት፤ ኀዘንና ጭንቀት ሕመሙን ያከብዱታል። እነዚህ በየትኛውም ፊልም ላይ ጥላ የላቸውም።

«እንግዲያው ኤም አር አይ ይነሣላት፤ እሱ ሁሉን ያሳያል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ኤም አር አይ በጨረር ሳይሆን በማግኔት ኃይል የሚሠራ ሆኖ ልም አጥንቱን፤ ትራሶቹን፤ ጅማቱን፤ የአጥንቱን መቅኔ ሳይቀር ያሳያል። ችግሩ ግን ማሳየቱ መብዛቱ ነው። በአሜሪካ አገር በፍራሚንግሃም ከተማ የተደረገና በ2012 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፤ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ፤ በራጅ ግን የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ያልታየባቸውን 710 ሰዎች በኤም አር አይ መረመረ። ከመቶው በ89ኙ ላይ ቢያንስ አንድ ጉድለት ተገኘ። ሕመም ካለባቸው ጉልበቶች መካከል ጉድለት የታየባቸው ከመቶው ከ90 እስከ 97 ሲሆኑ፤ ሕመም ከሌለባቸው ደግሞ ከመቶው ከ86 እስከ 88 ነበሩ። ልዩነቱ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ተመልከቱ። እንግዲህ አንድ ቤተሰብ በሬ ሸጦ ይህን ሥዕል ቢያስነሣ፤ ጉድለት መገኘቱ አስቀድሞ የታወቀ ያህል ነው፤ የተገኘው ጉድለት የሕመሙ ምክንያት መሆኑ ግን አይታወቅም።

በዚህም ምክንያት በ2022 ዓ.ም. የወጣው የእንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያ፤ ዕድሜው 45 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በእንቅስቃሴ የሚብስ የመገጣጠሚያ ሕመም ካለውና የጠዋቱ መተሳሰር ከ30 ደቂቃ የማያልፍ ከሆነ፤ ሕመሙን ለማወቅ ሥዕል ማስነሣት እንደማያስፈልግ ይደነግጋል። መጠየቅና በእጅ መመርመር ይበቃል ማለት ነው።

ይህን ስል ራጅ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ወድቆ መርገጥ ላቃተው፤ ጉልበቱ ተቈልፎ አልዘረጋ ላለው፤ ሌሊት ዕረፍት የሚነሣ ሕመም ላለበትና ያለ ምክንያት ለከሳ፤ አንድ መገጣጠሚያው ለወራት አብጦ ለቆየ ሰው ምርመራ የግድ ነው። የሳንባ ነቀርሳ የምንለው በሽታ መገጣጠሚያንም ሊይዝ እንደሚችል አትርሱ። ድንገት ያበጠ፤ የጋለና ትኵሳት ያለበት መገጣጠሚያ ደግሞ ለነገ የማይባል ነው፤ በዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። ጉልበቱ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ እንዲለወጥለት ለታሰበ ሰውም ራጅ ሳይነሣ ሥራው አይጀመርም።

እንግዲህ ወረቀቱ ሲሰጠን ምን ብለን እንተርጕም? እኔ በበኩሌ የምመክረው ይህን ነው። «አጥንትሽ ተበልቷል» አንበል፤ «በመገጣጠሚያሽ ላይ በዕድሜ ብዙ ሰው ላይ የሚታይ ለውጥ አለ፤ ይህ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያምምሽም፤ ነገ መራመድ መቻልሽንም አይወስንም» እንበል። «አትንቀሳቀሺ» አንበል፤ «ቀስ እያልሽ፤ በየቀኑ፤ አቅምሽ በፈቀደ ተራመጂ» እንበል። ስትራመድ ጥቂት ቢሰማት መገጣጠሚያው እየፈረሰ ነው ማለት አይደለም። የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ከሁሉ የሚቀድም መድኃኒት ነው፤ ዋጋውም ነጻ ነው። ከፍ ካለ ወንበር ላይ እጅን ሳይደግፉ ቀስ ብሎ መነሣትና መቀመጥ፤ ተቀምጦ እግርን ዘርግቶ ጥቂት ማቆየት፤ በቀን ጥቂት ጥቂት ጊዜ ይበቃል።

ክብደት ለበዛባት ደግሞ መቀነሱ ይረዳታል። በ2005 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፤ ከሰውነት የሚቀነስ እያንዳንዱ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያነሣል። በርጩማውን ከፍ ባለ ወንበር መለወጥ ለልጅ ትንሽ፤ ለእናት ግን ትልቅ ስጦታ ነው። ምርኩዝም ቢያዝ የሚያዘው በታመመው እግር በኩል ሳይሆን በተቃራኒው እጅ ነው። ለጉልበት የሚቀባ የብግነት መድኃኒት ብዙ ጊዜ ይጠቅማል፤ የሚዋጠው ግን ጨጓራንና ኵላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ሐኪም ምክር መቀጠል አይገባም። ከሁሉ ይልቅ ያለ ማዘዣ ተገዝተው «ቁርጥማት ያጠፋሉ» ተብለው ከሚዋጡት የስቴሮይድ ክኒኖች እንጠንቀቅ። ለጊዜው እፎይ ያሰኛሉ፤ ለረዥም ጊዜ ሲወሰዱ ግን አጥንትን ያሳሳሉ፤ የደምንም ስኳር ከፍ ያደርጋሉ። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሕመሙ ከሥራና ከእንቅልፍ ካገደ፤ ጉልበትን የመለወጥ ሕክምና አለና ተስፋ አይቈረጥም።

በመጨረሻ ስለ ራሳችንም አንድ ቃል ልጨምር። ይህ ሕመም የአሮጊቶች ብቻ ነው ብለን እንዳንዘናጋ። የጉልበት ዋና ጅማታቸው ወይም ሜኒስከሳቸው የተቀደደ ሰዎች ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በአማካይ ግማሾቹ በኦስቲዮአርትራይተስ እንደሚያዙ በ2007 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ያስረዳል። በኳስ ሜዳ ጉልበቱ ተጠምዝዞ ያበጠ ጓደኛችን በሦስተኛው ቀን በማሰሪያ ጠፍሮ ለግጥሚያ ሲሰለፍ እያጨበጨብን የምንቀበል እኛ ነን። ጡንቻው ሳይጠነክር እንዳይመለስ መምከር የጓደኝነት ግዴታችን ነው። ሩጫን ግን አትፍሩ። በ2017 ዓ.ም. ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የተመለከተ ጽሑፍ፤ ለጤናቸውና ለደስታቸው ከሚሮጡት መካከል የዳሌ ወይም የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ የተገኘባቸው ከመቶው 3.5፤ ከማይንቀሳቀሱት መካከል 10.2፤ ለውድድር ከሚሮጡት መካከል ደግሞ 13.3 መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ብቻውን ሩጫ ሕመሙን ይከለክላል የሚያሰኝ ባይሆንም፤ መቀመጥ ጉልበትን ያድናል የሚለውን አሳብ ግን አይደግፍም።

ውድ ጓደኞቼ፤ በአገራችን የሐኪም ወረቀት በእንግሊዝኛ መጻፉ እስካልቀረ ድረስ በየቤቱ አስተርጓሚው ተማሪው ነው። አስተርጓሚ ደግሞ በሁለት መንገድ ይበድላል፤ የተጻፈውን በመቀነስና ያልተጻፈውን በመጨመር። ፊልሙ ስለ አጥንት ጥላ ይናገራል፤ ስለ ሰውየዋ ዕድል ግን አንድም ቃል አልጻፈም። ስለዚህ ፖስታው ሲሰጠን ፊልሙን ወደ ብርሃን ከማንሣታችን በፊት እናቲቱን ሦስት ነገር እንጠይቃት፤ የት ላይ ያምምሻል? ሲያምምሽ ምን ማድረግ ያቅትሻል? ደግሞስ ምን መሥራት ትወጃለሽ? ከዚያ በኋላ ፊልሙን ብናይ፤ ማንን እንደምናክም እናውቃለን።